የእማዬ ብልቃጥና የሾላው ጎመን ዘር

ለምወድሽ እህቴ ለለተጊዮርጊስ፣

ለተዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ደረጃ ስወጣ ያዝ ያደርገኛል ብለሽኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ይኸው ነገር ልቤ ውስጥ ተቀምጧል። በበረኪና የተላጠው እጅሽስ ዳነ? የምትሠሪላቸው ሰዎች ደህና ናቸው? ያቺ ሳል የማይለቃት ሕፃን ተሻላት? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እዚህ ሐምሌ ስለሆነ የሻርጃን ፀሐይ ሳስበው የሌላ ዓለም ወሬ ይመስለኛል። እኛ ጋ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢ ውስጥ ይገባና እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። ያጠብኩት ነጠላ ሳምንቱን ሙሉ ተሰቅሎ ዛሬም እርጥብ ነው።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ዳገት አልወድም ከማለቱ በቀር የከፋ ነገር የለብኝም። ደክሞኛል ብዬ ምሥጋና ሐኪም ቤት ወስዳኝ ነበር፤ ደሙም ምኑም ታይቶ ምንም የለብዎትም ተባልኩ። ደስ ይበልሽ ብላ ልጄ አቅፋ ሳመችኝ። እኔ ግን ስሙን የማያውቁት ድካም ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ዙሌካ ናት፤ የጎረቤቴ የሁሪያ የእህት ልጅ። ለጥቅምት ነው የተባለው ጉዞዋ ቪዛው ቀድሞ ስለመጣ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሆነ። አንቺም እሷን እየጠበቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጇ ላይ ምን እንደምትጠብቂም አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ወደ ዝናቡና ወደ ምሥጋና ወሬ ይሸሻል፤ ይህን አመሌን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሌላ ወሬ ሳላስቀድም ልጻፈው። የእማዬ የጎመን ዘር አልቋል። የምልክልሽ አንድ ፍሬ እንኳ የለኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዘሩን ታስታውሽዋለሽ። እማዬ ከቡልጋ ወደ እኔ ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ነው፤ ግንዱ ወደ ወይን ጠጅ የሚወስደው፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ብርድ የማይጥለው። በየዓመቱ የተሻሉትን ሦስት ግንድ ሳትቀነጥብ ለአበባ ትተዋቸው ነበር። ሲደርቁ አሽታ፣ ከአመድ ጋር ቀላቅላ፣ ያቺ ቡናማ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ትከተዋለች። እሷ ካረፈች በኋላም እኔ እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ባሌ ጎበና ታሞ በተኛበት ዓመት ግን አልዘራሁም፤ እሱ ከሞተ በኋላም ሁለት ክረምት ጓሮውን ዞር ብዬ ሳላየው አለፈ። አምና ዘራሁ፣ በረዶ መታው። በብልቃጡ የቀረው አንድ ማንኪያ የማይሞላ አሮጌ ዘር ብቻ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት ስትደውዪ ስለ ሰገነቱ ነገርሽኝ። እመቤትሽ ፈቅዳልሽ በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልተሽ ደርድረሻል፤ ብርዱ ሲገባ የእማዬን ጎመን ተክዬ በጾም እበላለሁ አልሽኝ። ከዚያ፣ እርግብ እንደሆነ ሰገነቱን ሞልቶታል፣ ኩሱን እየጠረግኩ አዳብረዋለሁ ብለሽ ሳቅሽ። ለተዬ፣ እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው! የእማዬ ጎመን አለ፣ እልክልሻለሁ አልኩሽ። እሱም ማንኪያ የማይሞላ እውነት ነበር። ያኔውኑ ያንኑ ማንኪያ ልኬልሽ ቢሆን ዛሬ እጅሽ ላይ በነበረ። እኔ ግን አሮጌና ጥቂት ዘር ልኬ እንዳላፍር ብዬ፣ ዘርቼ አብዝቼ ብልቃጡን ሞልቼ ልልክልሽ ፈለግኩ። ሁሉንም ዘራሁት። ለመጠባበቂያ እንኳ አላስቀረሁም።

መሬቱ ደግሞ ተርቧል። ድሮ የሁሪያ ላም ነበረች፤ እበቱን ከእማዬ ጋር እንሻማበት ነበር። እኔ ጠፍጥፌ ኩበት ላደርገው፣ እሷ ጓሮ ልትወስደው። ከግድግዳው ላይ እርጥብ ኩበቴን ፍቃ ስትወስድ ስንት ቀን ይዣታለሁ! ምድጃሽ ጠግቧል፣ ለመሬቱም ተይለት ትለኝ ነበር። የወሰደችውን ግን ወዲያው ጎመኑ ላይ አታደርገውም። ከጌሾው ሥር ትከምረዋለች፤ የጎመን ቅንጣቢ፣ አመድ፣ የእንሰት ቅጠል ታለብሰዋለች። ክረምቱ ያልፍበታል፣ በጋው ያልፍበታል። አልፎ አልፎ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰድበታለች። ትኩስ ከሆነ፣ ገና አልተኛም ትላለች። የቀዘቀዘና የዝናብ አፈር የሚሸት እንደሆነ ብቻ በእፍኟ እየዘገነች ጎመኑን ታለብሳለች። እኔ ያን ጊዜ እጇን ከመብል በፊት በሳሙና እንድታጥብ ነበር የምጨቃጨቃት። ምን እያደረገች እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

አሁን የሁሪያ ላም ከተሸጠች ቆየች። የምትግጥበት ሜዳ ሁሉ ቤት ሆነ፤ በሰፈሩ እበት የሚጥል ነገር የለም። ምሥጋና ደግሞ ከመሥሪያ ቤቷ ሊጣል ሲል አንስታ አንድ የግብርና መጽሐፍ አምጥታልኝ ነበር። ንባቤን ታውቂዋለሽ፤ በራሴ የተማርኩት ስለሆነ ቀስ ይላል፣ ግን አንዴ ያነበብኩትን አልረሳም። ከፍግ ሁሉ የዶሮ ኩስ ይበረታል የሚለውን ገጽ አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁት። ቀጥሎ ያለውን ገጽ አልገለጥኩም። ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ ደግሞም የፈለግኩትን አግኝቻለሁ ብዬ።

ካራ ሰፈር ዶሮ የሚያረባ ዳንኤል የሚባል ሰው አለ። ከምሥጋና ጋር ይሠራ ነበር፣ ቢሮ ሰለቸኝ ብሎ ለቆ ነው ወደ ዶሮ የገባው። ስትነግረው በራሱ መኪና ሦስት ጆንያ ኩስ ጭኖ መጣ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ይሄ አይበዛበትም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እማማ ይሄ ንጹህ ኦርጋኒክ ነው፣ ምንም ኬሚካል የለውም፣ እንደውም ሲያንስ ነው አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር እንኳ ሳይቀበለኝ ጆንያውን በትከሻው አስገባልኝ። አልወቅሰውም። እሱም እንደኔ ከወረቀት ላይ የተማረ ነው።

አፈሩን ከኩሱ ጋር ቀላቅዬ ግንቦት ማለቂያ ላይ ዘራሁ። በአምስተኛው ቀን በቀለ፤ አሮጌ ነው ያልኩት ዘር እንደ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። በየማለዳው ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ አጎንብሼ አየው ነበር። ጣት ሲያህል ግን ትንሽ ገረጣብኝ። ራበው ብዬ ከቀረው ጆንያ ሌላ ዙር ከላይ ነሰነስኩለት። በዚያው ሳምንት ዝናቡ አቋረጠ። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ሆኑ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እሳት አጠገብ እንደዋለ ወረቀት ተጠቀለሉ። ውኃ ደጋግሜ ባጠጣውም አልሆነም። አንዱን ብነቅለው ሥሩ ጠቁሯል። ክንዴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩት። ለተዬ፣ ይሞቅ ነበር።

ያኔ ነው ገብቼ መጽሐፉን የገለጥኩት። ቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ፣ ሳይብላላ ተክል ላይ ከዋለ ያቃጥላል፣ ወራት ተከምሮ መቀዝቀዝ አለበት ይላል። እማዬ ሀ ብላ ፊደል ሳታውቅ በክንዷ ታነበው የነበረውን ነገር እኔ ማንበብ ችዬ አለፍኩት።

ሁሪያ ጓሮ መጥታ ተቀምጬ አገኘችኝ። አንቺ ወርቄ፣ ሙት ላይ ስታለቅሺ አይቻለሁ፣ ጎመን ላይ ስታለቅሺ ግን ገና ዛሬ አየሁ አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስነግራት ደግሞ፣ እና ሾላ ገበያ ምን ሊሠራ ተሠራ? ጎመን ጎመን ነው፣ ገዝተሽ ላኪላት፤ እዚያ ሰገነት ላይ ማን መጥቶ ሊለየው ነው አለች። ለእኔም ለአንቺም አዝና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ሄድኩ። ሻጯ፣ የአበሻ ነው እናቴ፣ እኔው ቤት የተለቀመ ብላ ማለችልኝ። ዘሩ ያው ነው፤ ክብ፣ ቡናማ፣ ጥቃቅን። እቤት ገብቼ የእማዬን ብልቃጥ አውጥቼ ጨመርኩበት። እስከ አንገቱ ሞላ። መስኮቱ ላይ አድርጌ ሳየው ልክ እማዬ በኅዳር እንደምትሞላው ነው። ማንም አይለየውም ነበር። ብልቃጡንም ስለምታውቂው ትስሚው ነበር፤ ቆርቆሮሽ ውስጥ ስትዘሪው እማዬን ታስቢ ነበር። ሁሉም ደስ ብሎት ይኖር ነበር፣ ከእኔ በቀር።

አንድ ቀን ሙሉ እንደዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት።

ለምን እንደገለበጥኩት ልጻፍልሽ። ይህን አንስተን አውርተን አናውቅም፤ አንቺም ለእኔ ብለሽ፣ እኔም ለራሴ ብዬ። እማዬ ጥር 2003 ስታርፍ እዚህ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ለተጊዮርጊስ ብቻዋን በሰው ቤት ናት፣ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል፣ ስትመጣ በአገሯ ትረዳ አሉ። ጎበናም እንደዚያው አለ። እኔም አዎ አልኩ። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም፤ ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ጎበና ነው። እማዬን ሳሚልኝ የሚለው ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ያልፈዋል። የሚያልፈውን ነገር በዓይኔ ላየው ብዬ ነው ፊደል የጀመርኩት፤ ደብዳቤሽን አጠገቤ፣ የምሥጋናን የድሮ ደብተር ጭኔ ላይ አድርጌ። ለብቻዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር፣ እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ የሚለው ነው። እማዬ ከተቀበረች ስምንት ወሯ ነበር።

ጎበና ከዚያ በኋላ፣ እኔ ሙት ሰው ሰላም ብሎሻል እያልኩ አልጽፍም፣ ከፈለግሽ ፊደሉን ለምደሻል ራስሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች ብዬ። በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። አንቺም መልሰሽ፣ እትዬ መጻፍ ቻልሽ ብለሽ በደስታ ጻፍሽልኝ። ሁለት ዓመት እንደዚያ አደረግኩ፤ ስትደውዪም ተኝታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች እልሽ ነበር። ከዚያ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሽ የአገራችን ሴት፣ የሰማሽ መስሏት፣ እናትሽን ነፍስ ይማር አለችሽ። በቅዳሴ መሀል፣ ነጠላሽን እንደለበስሽ፣ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር። ሦስት ዓመት ዝም ብትዪኝ አልገረመኝም።

ሽማግሌዎቹ ለአንቺ አዝነው ነው። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው፤ እሱን ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሊነጋ ሲል ልታርፍ፣ ዋዜማውን ከሰዓት እማዬ፣ ለተን በስልክ አገናኚኝ ብላኝ ነበር። እኔ የሚታጠብ ልብስ ነበረኝ፣ ወገቤ ተቆርጧል። ነገ እንደውላለን አልኳት። እሺ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። መሞቷን ብነግርሽ፣ ምን አለች፣ ጠርታኝ ነበር ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው አፌን የያዝኩት። ጠርታሽ ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ዘግይቼ ነገርኩሽ።

እንግዲህ ያን ብልቃጥ ሞልቼ ብልክልሽ ሁለተኛ ሙት እንደ ሕያው አድርጌ መላኬ ነው። አቅሙ የለኝም። ያን ጊዜ የጻፍኩት ገና ፊደል ስቆጥር ነበር፤ አሁን ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ።

የሾላውን ዘር ግን ልኬልሻለሁ። ዙሌካ ቦርሳ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ፤ ላዩ ላይ የሾላ ገበያ ጎመን ብዬ ጽፌበታለሁ። ጎመንነቱ ጎመን ነው፣ ለጾም ይሆንሻል። አደራሽን የእርግቡን ኩስ እንዲሁ እየጠረግሽ እንዳትጨምሪበት። የእርግብ ኩስ ከዶሮው አይሻልም፣ እንዲያውም ይብሳል ይላል መጽሐፉ፤ አሁን ገጹን ሁሉ እየገለጥኩ ነው የማነበው። አንድ ቆርቆሮ ለይተሽ ከአፈርና ከደረቀ ቅጠል ጋር አድርገሽ ክደኚው፤ አልፎ አልፎ እርጥበት ስጪውና አገላብጪው። የዘንድሮውን ጎመን በባዶ አፈር ተክለሽ ብዪ፤ ኩሱ ለከርሞ ይሁንሽ። መድረሱን በእጅሽ እዪ። ትኩስ ከሆነ ተይው። እማዬ ብትኖር የምትነግርሽ ይህን ነበር፤ እኔ የተማርኩት ግን አጥፍቼ ነው።

ትናንት ማርያም ስለነበረች እንጦጦ ወጣሁ። አራት ቦታ አረፍኩ። ስመለስ መንገዱ ዳር ሰው በኪራይ የሚጋልባቸው ፈረሶች ቆመው ነበር፤ ፋንድያቸውን በፌስታል ለቅሜ ይዤ ወረድኩ። ነጭ ለብሳ ፋንድያ የምትለቅም አሮጊት አይተው ወጣቶቹ ስልካቸውን አነሱብኝ። ያንሱ። ከጌሾው ሥር የእማዬ ክምር የነበረበት ቦታ ላይ አፍስሼ ቅጠል አለበስኩት። እሱ እስከሚቀጥለው ክረምት ይተኛል። እስከዚያ እኖር እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ግን መተኛት አለበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። መደቡ ጥግ፣ ድንጋዩ አጠገብ፣ አንዲት ችግኝ አልሞተችም። ኩሱን ስነሰንስ እዚያ ጋ ስደርስ ወገቤ እምቢ ብሎኝ፣ ይብቃኝ ብዬ የተውኩት ጥግ ነው። ብርታቴ ሌሎቹን ገደላቸው፣ እሷን ያተረፋት ድካሜ ነው። አራት ቅጠል አላት፤ አንደኛው ግማሹ ቢጫ ነው። ዛሬ ጠዋት ግንዷን በጣቴ አጽድቼ አየሁት፣ ወደ ወይን ጠጅ ይወስዳል።

ሁሪያ ይህን ስታይ፣ በይ እንግዲህ አትጻፊላት፣ ትዳን አትዳን ይለይና ደግ ወሬ ይዘሽ ትጽፊያለሽ፣ ለዙሌካ ሰላምታ ብቻ ስጫት አለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ ልቤ ሄዶ ነበር። ግን ለአንቺ ወሬ እስኪለይለት ማቆየት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሳይለይላት እየጻፍኩልሽ ነው። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ትኑር፣ ትሙት አላውቅም። ብትሞት በዚያው ቀን እደውላለሁ። ብትኖር፣ ብታብብ፣ ብልቃጡ እዚህ ባዶውን ይጠብቃታል። ደብዳቤውን አንብበሽ ከተቆጣሽም ተቆጪኝ፤ ብቻ ሦስት ዓመት አይሁን፣ ዕድሜዬ አይበቃም።

ምሥጋና ከነባሏ ሰላም ብላሻለች፤ እሑድ ከአያት ሰፈር መጥታ ነበር፣ ከስታብኛለች። ልጇ ጸጋ ፊደል ጨርሳ አክስቴ የሚለውን ጽፋልሻለች፣ ወረቀቱን ከዘሩ ጋር አድርጌዋለሁ። ሁሪያ ዙሌካን አደራ፣ ብቻዋን ስትከፋ ከጎኗ ሁኚልኝ ብላሻለች። ከጎበና የሚመጣ ሰላምታ የለም። ከእማዬም የለም፤ በዚህ ቦታ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ያለ ፈቃዷ አስገብቻለሁና ይቅር በዪኝ። ዛሬ ሰላም የሚሉሽ በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው፤ ጥቂት ነን።

እህትሽ የማርያምወርቅ

አዲስ አበባ፣ የካ፣ ፈረንሳይ ጉራራ
ማክሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.